ጭልፋና ጃንጥላ

መጋረጃ መስፋት የሰው ቤት ያስገባል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሰው ራሱ በእግሩ ይመጣል፤ መስኮት ግን ተነቅሎ አይመጣም። ስለዚህ መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በየሰዉ ቤት ትዞራለች። ወንበር ላይ ወጥታ መስኮት ስትለካ ያልተነጠፈ አልጋ ታያለች፤ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነታረኩ ትሰማለች። ይሁን እንጂ ካየችውና ከሰማችው አንዲቷን እንኳ ከደጃፉ ይዛ ወጥታ አታውቅም። "የእነ እንትና ቤት ውስጡ እንዴት ነው?" ብለው ሲያወጣጧት፣

"መስኮቱ ሰፊ ነው" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቢለምኗት ቢያባብሏት ቃል አይወጣትም። የሰፈሩ ሰው "መጋረጃ" የሚላትም ለዚሁ ነው፤ በሥራዋም በአፏም።

ይህን ጠባይ ያጠነከረባት ግን የራሷ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ባሏ ጥሏት ሲሄድ ወሬውን ከእሷ ቀድሞ የሰማው ከሱቋ ጎን የተቀመጠው ጫማ ሰፊ ነበር። የጫማ ሰፊው ቅጽል ስም "ሬዲዮ" ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም እንጂ። ያን ሰሞን ደንበኞች ጨርቅ የሚመርጡ መስለው ይገቡና ከንፈራቸውን መጠውላት ይወጡ ነበር። መጋረጃን ከባሏ መሄድ ይልቅ ያከሳት ያ ከንፈር መምጠጥ ነው። ዳግመኛ በሰው አፍ ከምገባ ብቻዬን ብኖር ይሻለኛል ብላ ቆርጣ ተቀመጠች።

የእህቷ ልጅ ግን ይህን አልተቀበለችም። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ምላሷ እንደ መቀስ የተሳለ ልጅ ናት። አንድ እሑድ ምሳ በልተው ዕቃ አጥበው እንደጨረሱ፣

"አክስቴ፣ እስቲ ስልክሽን አምጪው" አለቻት።

"ምን ልታደርጊው?"

"ባል ልፈልግልሽ።"

"ስልክ ውስጥ?"

"ታዲያ የት ልፈልግ? ሬዲዮ ዘንድ?"

"ተይኝ እባክሽ! ሰዉ ሁሉ ፊቴን አይቶ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

"ፊትሽን ማን አሳዪ አለሽ?" አለች ልጅቷ ወንበሯን እየሳበች። "ስሚኝ። ትዳር ፈላጊዎች የሚተዋወቁበት መተግበሪያ ላይ እውነተኛ ስምሽን አትጽፊም። የት እንደምትሠሪ፣ የት እንደምትኖሪ ትንፍሽ አትዪም። ገና ሳይተዋወቅሽ ስልክ ቁጥር የሚልሽን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ ገንዘብ ቸገረኝ የሚልሽን ደግሞ እዚያው ትዘጊበታለሽ። መገናኘት ያማራችሁ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ቦታ፣ እኔ እያወቅሁት ይሆናል። አለቀ።"

መጋረጃ ይህን ስትሰማ ልቧ ትንሽ ረጋ አለላት። እንዲህ ያለውን ደንብማ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራበታለች።

"እሺ፣ ማን ብለን እንጻፍሽ? ውቢት?"

"ሂጂ ወዲያ! ውቢት ብዬ ጽፌ በኋላ ሲያዩኝ ይክሰሱኝ?" ዙሪያዋን ቃኘች። የታጠበ ጭልፋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። "ጭልፋ በይኝ።"

"አክስቴ፣ ጭልፋን የሚያፈቅር ወንድ የት ነው ያለው?"

"እሱን እኔ ምን አውቄ። ፈላጊዋ አንቺ!"

ፎቶውን ራሷ ተነስታ እንድትልክላት ተነጋገሩ። በማግስቱ መጋረጃ ሻርፗን ከዓይኗ በታች አጥብቃ ተከናንባ፣ ከሱቋ ፊት ለፊት ቆማ ተነሳችና ላከች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ልጅቷ ከሳቋ ብዛት ስቅ ይላታል።

"አክስቴ... ፊትሽንስ ደህና አድርገሽ ሸፍነሻል። ከጀርባሽ ያለውስ ምንድን ነው?"

መጋረጃ ፎቶውን መልሳ አየችው። ከራሷ በላይ "ዘመናዊ መጋረጃ እንሰፋለን" የሚለው ማስታወቂያ፣ ክንድ ክንድ በሚያህሉ ቁጥሮች ከተጻፈው ስልኳ ጋር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ውይ፣ በሞትኩት!"

"ሌባ እንኳ እንዲህ አይመቸውም! ፎቶ ልትልኪ ስትዪ መጀመሪያ ጀርባሽን እዪ፤ ፊትሽን በኋላ።"

በሁለተኛው ሙከራ በከተማው መናፈሻ፣ ኩሬ ዳር፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ ከጎን ተነሳች። ከጀርባዋ ውሃና ዳክዬ ብቻ።

መጀመሪያ የመጣው ራሱን የመርከብ ካፒቴን ነኝ ያለ ሰው ነበር። በዕለቱ "የኔ ንግሥት" አላት። በሁለተኛው ቀን ሙሉ ስሟንና የቤቷን አድራሻ ጠየቃት፣ ስጦታ ልልክልሽ ብሎ። በሦስተኛው ቀን መታወቂያዋን ፎቶ አንስታ እንድትልክለት ፈለገ። "መታወቂያዬን መርከብህ ላይ ምን ያደርግልሃል? ወንበር ልታስይዝልኝ ነው?" ብላ ጻፈችለትና ዘጋችበት። ከዘጋችበት በኋላ ሳቋ መጣ።

ከካፒቴኑ በኋላ "ጃንጥላ" መጣ። ፎቶው የተዘረጋ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ይታያል። የመጀመሪያ መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "ጤና ይስጥልኝ። ጭልፋ የሚለውን ስም ያወጡት እርስዎ ነዎት ወይስ ቤተሰብ?"

መጋረጃ ስፌት ላይ ነበረችና በሳቅ የተነሳ መርፌው ከመስመሩ ወጥቶ ሄደ። "ራሴ ነኝ" ብላ መለሰች። "እርስዎስ ዝናብ ይፈራሉ?"

"ዝናብ እንኳ አልፈራም። ሰው ነው የምፈራው።"

ሌላ ቀን "የት አካባቢ ነው የሚኖሩት?" ብሎ ጻፈና ገና ሳትመልስለት አስከተለ፦ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይመልሱ። እኔም ብጠየቅ አልመልስም።" ይህች ቃል ውስጧ ገባች። ከዚያ ወዲያ መደባበቁ ራሱ ጨዋታ ሆነላቸው።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ከፍ ዝቅ የሚል ነው። የእርስዎስ?"

"ወንበር ላይ መውጣት ይበዛዋል።"

"አምፖል ይቀይራሉ?"

"አልቀይርም።"

"እንግዲያው አጭር ነዎት።"

የእህቷ ልጅ አንድ ቀን ይህን አንብባ ግንባሯን ያዘች። "ይሄ ፍቅር ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ? እስከ መቼ ነው እርስዎ፣ እርስዎ የምትባባሉት?" እርስዎው የቀረው ጃንጥላ ድመቱ የታመመችበት ሰሞን ነው። ደንግጦ "እህል አልቀምስ አለችኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያት ነበር?" ብሎ ጻፈ። አንቺ ማለቱን ራሱም ልብ አላለውም። መጋረጃ ግን ልብ ብላለች። ለብቻዋ ፈገግ ብላ "አንተ ደግሞ፣ መጀመሪያ ሐኪም አሳያት እንጂ!" አለችው።

ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ የስፌት መኪናዋን አጥፍታ ከስልኩ ጋር ትቀመጥ ጀመር። ሬዲዮ ደግሞ ይህ እንዴት ያመልጠዋል? በበሩ ብቅ ብሎ፣

"እህቴ፣ ያ ስልክ ምን እያጎረሰሽ ነው እንዲህ ጥርስ በጥርስ የሆንሽው?" ይላታል።

"ደንበኛ ነው።"

"እኔ ለደንበኛ እንዲህ ስቄ አላውቅም።"

"ለዚያ ነዋ ደንበኛ የሌለህ!"

ወሬ ሳያገኝ ይመለሳል፤ መዶሻውን ሲያነሳ ግን ጆሮው ወደዚህ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፎቶ ላከላት። "ዳነች! ሰላም በላት ብላኛለች" ይላል ከሥሩ። ፎቶው ላይ አመድማ ድመት ጭራዋን አንጠልጥላ መስኮት ደፍ ላይ ተጋድማለች። መጋረጃ ድመቷን አይታ ሳቀች። ከዚያ ከድመቷ ኋላ ያለውን አየችና ሳቋ እዚያው ቀረ።

አረንጓዴ ቅጠል የፈሰሰበት ነጣ ያለ ጨርቅ ነው። ከግርጌው መዳፍ የምታህል ቡናማ ጨርቅ ተቀጥላበታለች። ያቺን ቅጣይ ዓይኗን ታስራ ብትነካትም ታውቃታለች። ያኔ ልኩን ከመስኮቱ ደፍ መጀመር ሲገባት ከፍ ብሎ ካለው እንጨት ጀመረችና ጨርቁ አጠረባት። ያ ዓይነት ጨርቅ ደግሞ ገበያ ላይ አልቋል። ጨነቃትና ቡናማ ጨርቅ ቀጥላበት ስታስረክብ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ "አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው" አለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ሰፍታ አታውቅም።

ቤቱም ፊቷ ድቅን አለ። ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩ ሥር የወንድ ጫማ። ያሰፋችው ሴት ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጨርቅ ስትመርጥ "ባሌ አረንጓዴ ይወዳል" ያለች።

ባሌ።

መጋረጃ ስልኩን ደፍታ ከጨርቅ ክምሩ ሥር ሸጎጠችው።

የእህቷ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብላ ይህን ስትሰማ ዘለለች። "ቤቱን ብቻ ንገሪኝ! ስሙን ከነአያቱ፣ ሚስቱን ከነጓደኞቿ አወጣልሻለሁ!"

"አልነግርሽም።"

"አክስቴ፣ እያታለለሽ እኮ ነው!"

"ሊሆን ይችላል። ያን ቤት ያየሁት ግን ለመስኮቱ ብዬ ነው። መስኮት ልለካ ገብቼ ባል ልለካበት?"

"ታዲያ ዝም ልትዪ ነው?"

 መጋረጃ በማግስቱ በጎን ልሞክረው አለች። "ለመሆኑ ቤትህ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖረው?" ብላ ጠየቀችው።

"ከድመቷ ጋር። እሷም አንድ ቀን ዕቃ አጥባ አታውቅም።"

ሳቀች፤ በመሳቋም ተናደደች። ልመነው ብትል ያቺ "ባሌ" የምትል ድምፅ ጆሮዋ ላይ ታቃጭላለች። አልመነው ብትል ደግሞ እነዚያ የምሳ ሰዓቶች ፊቷ ይመጣሉ። ይብስ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው እንደ እሷው ተጠንቅቆ፣ ተሸሽጎ ሳለ አንዲት ድመት አሳልፋ ሰጥታዋለች። በሩን፣ ደረጃውን፣ የመኝታ ቤቱን መስኮት ቁመት ሳይቀር ታውቃለች፤ እሱ ግን ማንም አያውቀኝም ብሎ ይጫወታል። የእሷን ቤት እንዲህ አውቆ ዝም ብሎ የሚያጫውታት ሰው ቢኖር ኖሮ ይቅር ትለው ነበር? አትለውም።

ልንገረው ብትል ደግሞ ማን እንደሆነች መናገር አለባት። ያን መጋረጃ የሰፋች ሴት በዓለም ላይ አንዲት ናት። ሰውዬው ባለትዳር ሆኖ ቢቆጣስ? ወይም እንደ ሬዲዮ አፉ የማይዝ ቢሆንስ? "በዚህ ዕድሜዋ፣ በስልክ፣ ከደንበኛዋ ባል ጋር!" ያ ከንፈር መምጠጥ ከአሁኑ ይሰማት ጀመር።

ሳምንቱን እንዲያ ስትብሰለሰል ሰንብታ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ፣ በአንድ አውራ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈችው።

"ጃንጥላ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከድመቷ ኋላ ያለው መጋረጃ የእኔ ስፌት ነው። ስለዚህ ቤትህን አውቀዋለሁ። ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ወደዚያም አልሄድኩም። አንተ ተሸሽገህ እኔ እያየሁህ መጫወት ግን አልሆነልኝም። መጋረጃውን ያሰፋችው ሴት ባሌ ብላኛለች። ባለትዳር ከሆንክ ደህና ሁን፤ ከእኔ አፍ አይወጣም። ካልሆንክም አንተው ንገረኝ። ከእንግዲህ አንተም ብትፈልግ ማን እንደሆንኩ ታውቀዋለህ።"

ላከችው። የስፌት መኪናዋን አስነስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮ ክር ሊለምን ገባና ቆሞ ቀረ።

"እህቴ፣ ዛሬ አንቺም ከመጋረጃው ጋር ልትሸጪ ነው?"

ጎንበስ ብላ ስታይ የመጋረጃውን ጠርዝ ከራሷ ቀሚስ ጋር ደህና አድርጋ ሰፍታዋለች። ቁጭ ብላ ስትተረትር ስልኩ ጮኸ።

"የድመቷ ጥፋት ነው" ይላል መጀመሪያው። ቀጥሎ ረጅሙ መጣ፦ "ሚስት ነበረችኝ፤ ከተለያየን ቆየን። ስትሄድ ሶፋውንም ፍሪጁንም ወሰደች። መጋረጃውን የተወችልኝ የአዲሱ ቤቷ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ነው። ዝም ብለሽ ግን እንዳታምኚኝ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላምንም። ከፈቀደችልኝ ቁጥሯን ልላክልሽና እሷኑ ጠይቂያት። የእኔን ጉድ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።"

"የቀድሞ ሚስቱን ምስክር የሚጠራ ወንድ ዛሬ ገና አየሁ" አለች የእህቷ ልጅ። ሴትዮዋም ፈቀደች። ልጅቷ የመጋረጃ ቁጥር ሰው ስልክ ላይ እንዳይታይ አድርጋ አስተካክላ ሰጠቻት፤ ከዚያ ጆሮዋን አስጠግታ ተቀመጠች።

"ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ስለ አንድ ጉዳይ..."

"እንዴ! ባለመጋረጃዋ አይደለሽም እንዴ?"

ስልኩ ከመጋረጃ እጅ ለጥቂት ሳይወድቅ ቀረ። "በምን... በምን አወቅሽኝ?"

"በድምፅሽ ነዋ! ቁጥርሽን ደበቅሽ፤ ድምፅሽን ማን ይደብቅልሽ?" ሴትዮዋ ያን ሳቋን ለቀቀችው። "አንቺ ነሽ ለካ! አንዲት ሴት ስለ እኔ ትጠይቅሻለች፣ እውነቱን ንገሪያት ብሎ ደወለልኝ። ማን ናት ብዬ ብጨቀጭቀው፣ ብለምነው፣ 'የእሷ ጉዳይ ነው፤ ከፈለገች ራሷ ትንገርሽ' ብሎኝ ድርቅ አለ።"

ለመጋረጃ ይህች ቃል በቃቻት። ከዚያ በኋላ የሚባለውን ሁሉ ባትሰማም ምንም አልነበረም። ሴትዮዋ ግን ተያይዛዋለች።

"እንግዲህ ስሚ። ያንኮራፋል። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላል። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ራሱ ግን ሊፍት አላምንም ብሎ በደረጃ ነው የሚወጣው፣ እኔንም ሲያስወጣኝ ኖረ። እሱ ዝምታ ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ ያመኛል፤ በዚያው ተለያየን። ውሸት ግን አያውቅም፤ ሊዋሽ ሲሞክር ጆሮው ይቀላል። በነገራችን ላይ፣ ያቺ ቡናማ ቅጣይ እውነት ፋሽን ነበረች?"

"...አጥሮብኝ ነው።"

"አውቄብሽ ነበር እኮ! አይዞሽ፤ አፌ ሰፊ ቢሆንም ይሄን ሆዴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ፎጣውን ብቻ ከወዲሁ ንገሪው!"

የተገናኙት እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ መናፈሻው ውስጥ ባለው ሻይ ቤት ነው። የእህቷ ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ጋዜጣ ዘርግታ፣ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ተቀመጠች። ሰውዬው በሰዓቱ መጣ፤ ቅንድበ ወፍራም፣ ደልደል ያለ፣ እጁን ፈትጎ ቢታጠብም ጥፍሮቹ ሥር የማሽን ግራሶ የቀረበት ሰው ነው። በስልክ ወሬያቸው የማያልቅ ሁለት ሰዎች አሁን ሻያቸውን ብቻ ያማስሉ ጀመር።

"ጃንጥላህስ?" አለች በመጨረሻ።

"ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። ጭልፋሽስ?"

ሳቁ። ከወዲያ በኩል ኃይለኛ ሳል ተሰማ።

"ያቺ ጋዜጣውን ገልብጣ የያዘችው ልጅ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ" አለ ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያንቺ ናት?"

መጋረጃ አፈረች። "የእህቴ ልጅ ናት።"

"ደግ አደረግሽ። እዚያ ዛፍ ሥር ርግብ የሚቆጥር የሚመስለው ደግሞ የእኔ ወንድም ነው።"

ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ታዘዘ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ስለ ድመቷ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበት ስለዘፈነው ሰው አወሩ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሁለቱ ጠባቂዎች ተደባብቀው መቀመጥ ሰልችቷቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ማን የተሻለ እንደተደበቀ ይከራከሩ ነበር። መጋረጃ እነሱን እዚያው ትታ ተነሳች። ሰውዬው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኛት።

አውቶቡስ ከሩቅ ሲታይ ሰውዬው ድንገት ዞሮ ፊቱን ከፌርማታው ጀርባ ወዳለው ግንብ አደረገ። አስተማሪ እንደቀጣው ተማሪ ግንብ ግንቡን እያየ ቆመ። ተሰልፈው የቆሙት ሰዎች አፍጥጠው ያዩታል።

"ምን ሆንክ? አመመህ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። የትኛውን እንደምትይዢ እንዳላይ ነው። ሱቅሽን ፈልጌ ማግኘት እችል ይሆናል፤ አልፈለግሁም። ቤትሽ ደግሞ የራስሽ ነው። በይ ውጪ፣ እንዳያመልጥሽ።"

ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተሳፋሪ እየጫነ ቆየና እሷ የሰውዬውን ጀርባ ስታይ ቆየች። የኮቱ ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሰው እየገፋው ያልፋል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ሲነሳ መጋረጃ ምን እንደነካት ራሷም አታውቅም፤ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች።

"አሥራ አራት ቁጥር ነው!" ብላ ጮኸች።

አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አያት። ሰውዬው አልዞረም።

"አልሰማሁም!" አለ ለግንቡ። ጆሮው ግን ፍም መስሏል።

"አሥራ አራት! የመጨረሻው ፌርማታ ነው የምወርደው!"

"እህቴ" አለ ትኬት ቆራጩ፣ "እኛ ሁላችንም ሰምተናል። አሁን አንገትሽን አስገቢልንና እንሂድ።"